በኢኑይት ባሕር ላይ ፕሮፖዛል ማስገባት፦ 45 ቀኑ ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል?

በካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይቶች በስምምነት መብታቸውን ባስከበሩበት ባሕር ላይ ወደብ መሥራት፣ የባሕር ወለል መለካት፣ ማዕድን በመርከብ ማጓጓዝ ወይም የጎብኚ ካምፕ መትከል የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያንኳኳው አንድ በር አለ። ኑናቩት በተባለው የካናዳ ግዛት በሩ የኑናቩት ዕቅድ ኮሚሽን ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የኑናቩት የተጽዕኖ ግምገማ ቦርድ ይመጣል። ከሰሜን ኬቤክ ጠረፍ ወዲያ ባለው በኑናቪክ ባሕርም ተመሳሳይ ጥንድ ተቋቁሟል። እዚህ የሚገመገመው ይኸው አገልግሎት ነው። መንገዱ በሕግ ተዘርዝሮ የተቀመጠው በኑናቩት ስለሆነ ሚዛኑ ወደዚያ ያደላል። ወሩና ዓመተ ምሕረቱ፣ ካልተጠቀሰ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ነው፤ ክረምትና በጋም የሰሜኑ ናቸው፦ ክረምት የበረዶው ወቅት፣ በጋ ሞቃቱ ወቅት።

ፍርዱን ከፊት ለማስቀደም፦ በሩ አንድ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። መዝገቡ ለማንም ክፍት መሆኑም እንደዚያው። የጊዜ አቆጣጠሩ ግን አዲስ ሰው ያሳስታል። አብዛኛው አስገቢ “45 ቀን” የሚለውን ያነብና የሥራ መርሐ ግብሩን በዚያው ላይ ይሠራል። 45 ቀኑ እውነት ነው፤ መቆጠር የሚጀምረው ግን ፋይሉ ተሟልቷል ከተባለ በኋላ ነው። ያውም ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በኮሚሽኑ፣ ሌላው በቦርዱ።

የኑናቩት ስምምነት የተፈረመው በግንቦት 1993 ነው። ስምምነቱን ወደ ዕለት ተዕለት አሠራር የቀየረው የዕቅድና የፕሮጀክት ግምገማ ሕግ በ2013 ጸድቆ በሐምሌ 2015 ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ በሁለት በኩል ይቆልፋል፦ ፕሮፖዛሉን ለኮሚሽኑ ሳያቀርቡ ሥራ መጀመር ክልክል ነው፤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ሂደቱ ሳያልቅ ፈቃድ መስጠት አይችልም። ስለዚህ “የዓሣና የውቅያኖስ ሚኒስቴሩን አስቀድመን እንጨርስና ሌላው ይደርሳል” የሚለው ብልሃት እዚህ አይሠራም። ሰዎቹን ቀድሞ ማነጋገር ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ግን አይወጣም።

ኮሚሽኑ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሥራው በአካባቢው ከጸደቀው የአጠቃቀም ዕቅድ ጋር ይስማማል ወይ? ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ያሉት የሰሜን ባፊንና የኪዋቲን ዕቅዶች ናቸው። መላውን ኑናቩት የሚሸፍነው ዕቅድ በሰኔ 2023 ለፌዴራል መንግሥቱ፣ ለግዛቱ መንግሥትና የኑናቩት ኢኑይቶችን ለሚወክለው ድርጅት ለኑናቩት ቱንጋቪክ ለውሳኔ ቀርቧል። የጸደቀ ዕቅድ በሌለበት ቦታ ኮሚሽኑ ሥራው ከማጣሪያ (ቦርዱ ሙሉ ግምገማ ያስፈልግ እንደሆነ ከሚያይበት የመጀመሪያ ደረጃ) ነፃ ከሆኑት ዓይነቶች አንዱ መሆን አለመሆኑን አይቶ ወደ ቦርዱ ያስተላልፋል። በአገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 299/1995 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የሠራ ባለሙያ እዚህ ላይ ትንሽ ግር ሊለው ይችላል። እሱ የለመደው ጥናቱን ይዞ መቅረብ ነው፤ እዚህ ግን ከጥናቱ በፊት የሚጠየቀው ቦታው ነው።

ነፃ የሚባለው ዝርዝር አጭር ነው፤ ሰው እንደሚመኘውም ሰፊ አይደለም። በከተማ ክልል ውስጥ የሚሠራ ሕንፃ ነፃ ነው፤ የጅምላ ነዳጅ ማከማቻ፣ በኒውክሌር ወይም በውኃ ኃይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫና ማንኛውም የኢንዱስትሪ ሥራ ግን አይደለም። ከከተማ ውጭ እስከ 20 አልጋ ያለው ማረፊያ ነፃ ነው። ለማኅበረሰቦቹ መደበኛ ስንቅ የሚያመላልስ መርከብና ከፕሮጀክት ጋር ያልተያያዘ የመርከብ ጉዞም ነፃ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ማዕድናችሁን ወይም ቁፋሮ መሣሪያችሁን የሚጭነው መርከብ ከፕሮጀክቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ መንገዱ፣ የምልልሱ ብዛትና ወቅቱ የፕሮፖዛሉ አካል ይሆናሉ። ከባፊን ደሴት ምሥራቅ ጠረፍ ጋር ተጣብቆ የሚረጋው የባሕር በረዶ ከግዛቱ ወሰን ውጭ በሚዘረጋበት ቀጠናም ስምምነቱ ይሠራል። “ከወሰኑ ወጥተናል” ብሎ ያንን ቁራጭ ከካርታው መቁረጥ ፋይሉን ያስመልሳል። በተጨማሪ፣ ነፃ የሆነ ሥራም ቢሆን ኮሚሽኑ በአካባቢው ካሉ ሌሎች ሥራዎች ጋር የሚፈጥረው ድምር ተጽዕኖ ካሳሰበው ለቦርዱ ሊልከው ይችላል።

አሁን ወደ ቅጹ። ቅጹ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ አሠራሩም ደህና ነው፦ የሥራው ዓይነት፣ ቦታው፣ ጊዜው፣ መሣሪያው፣ ነዳጁና ኬሚካሉ፣ የውኃ ፍጆታው፣ ቆሻሻው፣ ከማኅበረሰቡ ጋር የተደረገው ውይይት፣ በመጨረሻ የተጽዕኖ ሠንጠረዡ። የሚያስቸግረው ቅጹ ሳይሆን በቅጹ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው።

ቦታን እንውሰድ። የኑናቩት ዋና ከተማ ኢቃሉዊት በግምት ሰሜን 63.75፣ ምዕራብ 68.5 ዲግሪ ላይ ናት። ከምዕራቡ ቁጥር ፊት የመቀነስ ምልክቱ ከተዘነጋ ነጥቡ ሩሲያ፣ ምዕራብ ሳይቤሪያ ውስጥ ይወድቃል። ይህስ ካርታው ላይ ዓይን ስለሚወጋ ወዲያው ይታረማል። ተንኮለኛው ሌላው ነው፦ 63 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ የሚለውን “63.45” ብሎ መጻፍ። ልዩነቱ 0.3 ዲግሪ ነው፤ መሬት ላይ ግን 33 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይሄዳል። ነጥቡ አሁንም ኑናቩት ውስጥ፣ ምናልባትም ውኃ ላይ ስለሚያርፍ ማንም ላያየው ይችላል፤ የሚያየው ያንን የባሕር ወሽመጥ በስሙ የሚያውቅ አዳኝ ነው። ያኔ አስተያየቱ የሚመጣው ልትሠሩበት ስላላሰባችሁት ቦታ ይሆናል። ሁሉንም በአስርዮሽ ዲግሪ ጻፉ፤ የካርታ ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ሌላ ሰው በሌላ ኮምፒዩተር ይክፈተው። የሥራ ቦታውን ብቻ ሳይሆን ጀልባው የሚሄድበትን መስመር፣ ነዳጅ የሚቀመጥበትን ነጥብና በማዕበል ጊዜ የሚጠለልበትንም አስገቡ።

መሣሪያ ላይ “የምርምር ጀልባ፣ ሶናር” ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ አይበቃም። የጀልባው ርዝመት፣ የሰው ብዛት፣ የሶናሩ ድግግሞሽ በኪሎኸርዝ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይጻፍ። ድግግሞሹ ለምን እንደሚጠየቅ ግልጽ ነው፦ ቤሉጋ የተባለው ነጭ ዓሣ ነባሪ ከ100 ኪሎኸርዝ በላይ የሆነ ድምፅ ይሰማል። የጥልቀት መለኪያው በ200 ወይም በ400 የሚሠራ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በ30 ወይም በ50 የሚሠራ ከሆነ ሌላ። ቁጥሩን ካልሰጣችሁ አስተያየት ሰጪው የከፋውን ገምቶ ይጽፋል፤ ትክክልም ነው። ነዳጅም በጠቅላላ ሊትር ብቻ አይገለጽም። 20 በርሜል ባለ 205 ሊትር ከሆነ 4,100 ሊትር ነው፤ በርሜሎቹ ከውኃው ምን ያህል ርቀው እንደሚቀመጡ፣ ከሥራቸው ያለው ማቀፊያ የትልቁን ዕቃ 110 በመቶ መያዙ፣ የፈሰሰ ነዳጅ መጥረጊያው የት እንደሚቀመጥና ፍሳሽ ቢኖር ለማን ሪፖርት እንደሚደረግ አብሮ ይጻፋል።

የተጽዕኖ ሠንጠረዡ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። በአንድ በኩል ሥራዎቻችሁ ይደረደራሉ፣ በሌላው በኩል የአካባቢውና የማኅበረሰቡ ጉዳዮች፤ እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ከአራት አንድ ምልክት ይገባል፦ በጎ፣ ሊቀነስ የሚችል ጉዳት፣ ሊቀነስ የማይችል ጉዳት፣ ያልታወቀ። ብዙ አማካሪ ድርጅቶች ገጹን በሙሉ “ሊቀነስ የሚችል” ይሉትና ያልፋሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ከባዶ ሠንጠረዥ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ምልክት “እንዴት ነው የሚቀነሰው?” የሚል ጥያቄ ይወልዳል፤ ጽሑፉ ውስጥ መልስ ከሌለ ጥያቄው በአስተያየት መልክ ተመልሶ ይመጣል። ሠላሳ ቦታ ምልክት ካደረጋችሁ ሠላሳ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። የማይነካውን ሳጥን ባዶ መተው ደግሞ ነውር የለውም። “ያልታወቀ” የሚለውን በተመለከተ፣ ቦርዱ ሙሉ ግምገማ እንዲደረግ ከሚያዝባቸው ምክንያቶች አንዱ ውጤቱ የማይታወቅ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው፤ ስለዚህ ከስንፍና አይጻፍም፣ ከፍርሃትም አይሰረዝም።

ትርጉሙ ላይ አገልግሎቱ ጥብቅ ነው፤ መጥበቁም ይገባዋል። ለባለሙያ ያልሆነ ሰው የሚነበብ ማጠቃለያ በእንግሊዝኛና በኢኑክቲቱት ይቀርባል፤ ሥራው በኪቲክሜዮት ክልል ከሆነ ኢኑይናክቱንም ይጨመራል። ወጪውም ድካሙም ያለው እዚህ ነው። ኢኑክቲቱት በኑናቩት አብዛኛው ክፍል የሚጻፈው በራሱ ፊደል ነው፤ ኢኑይናክቱን ግን በላቲን ፊደል ነው፤ ሁለቱን አንድ ተርጓሚ ይጨርሳቸዋል ብሎ ማሰብ ከጅምሩ ስሕተት ነው። ፎንቱም አለ። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ እንደ ኑናኮም እና ፕሮሲል ያሉ ፎንቶች ዛሬም በአሮጌ ፋይሎች ውስጥ ይገኛሉ፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ጽሑፉ ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ይለወጣል። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ምን እንደሚሆን ያየ አማርኛ አንባቢ ነገሩን አይስተውም። ተርጓሚውን በዩኒኮድ እንዲሰጣችሁ ከመነሻው ተዋዋሉ፤ ቅጹ ላይ ከለጠፋችሁ በኋላም በስልክ ከፍታችሁ እዩት። ፊደሉን ማንበብ ባትችሉም መበላሸቱን ግን ታያላችሁ።

ማጠቃለያው ራሱ ከጥናቱ መግቢያ ተቆርጦ የሚለጠፍ አይደለም። የሚነበበው በአዳኞችና በወጥመድ አጥማጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት መቼ ትመጣላችሁ፣ በየት ታልፋላችሁ፣ ምን ያህል ድምፅ ታሰማላችሁ፣ ናርዋሉ (ባለ ረጅም ጥርሱ ዓሣ ነባሪ) እና የአቆስጣ አዳኙ ባሉበት ወቅት ነው ወይ፣ በረዶ ትሰብራላችሁ ወይ የሚለውን ነው። የባሕሩ በረዶ ለእነሱ መንገድ ነው፤ መርከብ የከፈለው በረዶ የተቆረጠ መንገድ ማለት ነው።

ሰነድ መጫን ብቻውን ማስረዳት እንዳልሆነ ትልቁ ፍርድ ቤት ሳይቀር ተናግሯል። በባፊን ወሽመጥና በዴቪስ ባሕረ ሰርጥ ሊካሄድ በታቀደው የሳይዝሚክ ጥናት (የባሕር ወለሉን ሥር በኃይለኛ ድምፅ የመፈተሽ ሥራ) ላይ የክላይድ ሪቨር ማኅበረሰብ ያቀረበው ክስ በሐምሌ 2017 በካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወሰን፣ ብሔራዊ የኢነርጂ ቦርድ ሰጥቶት የነበረው ፈቃድ ተሽሯል። ኩባንያዎቹ ለማኅበረሰቡ ጥያቄ መልስ ብለው ያቀረቡት ሰነድ 3,926 ገጽ ነበር፤ ወደ ኢኑክቲቱት የተተረጎመው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔቱ ዘገምተኛና ውድ በሆነበት አገር ፋይሉን ማውረድ ራሱ ፈተና ነበር። ያ ጉዳይ በዚህ በር ያለፈ ባይሆንም፣ ለፋይል አዘጋጅ ትምህርቱ ቀጥተኛ ነው፦ ሰነዱን በምዕራፍ ቁረጡት፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ መጠን አሳንሱ፣ ካርታዎቹን ለየብቻ አስቀምጡ፣ ለፋይሎቹም ሰው የሚረዳው ስም ስጡ።

ወደ ጊዜው እንመለስ። በፍሮቢሸር ወሽመጥ ነሐሴ 1 ጀልባ ማውረድ የሚፈልግ ቡድን ሁለቱን 45 ቀን ብቻ ወደ ኋላ ቢቆጥር ግንቦት መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። ታዲያ በግንቦት የሚያስገባ ብዙ ነው። ችግሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ 45 ቀኑ የሚጀምረው ፋይሉ ሲሟላ ነው፤ አንድ የጎደለ ትርጉም ሳምንታት ይበላል። ሁለተኛ፣ ቦርዱ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ለሕዝብ አስተያየት ጊዜ ይሰጣል፤ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የማኅበሩ አባላት አደን ላይና ካምፕ ውስጥ የሚሆኑበት ወቅት ነው። መልስ አልመጣም ማለት ተቃውሞ የለም ማለት አይደለም፤ ቦርዱ ተጨማሪ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከማጣሪያው በኋላ ፈቃዶቹ ገና ይቀራሉ። የዓሣ መኖሪያን የሚነካ የወደብ ሙሌት ከሆነ፣ በዓሣ ሀብት ሕጉ ሥር ያለው ፈቃድ ለብቻው ማመልከቻው መሟላቱን ለማየት እስከ 60 ቀን፣ ለውሳኔ እስከ 90 ቀን አለው። ማመልከቻው ጎን ለጎን ሊገባ ይችላል፤ ፈቃዱ ግን አይቀድምም። ለቀላል የልኬት ሥራ እስከ ጥር፣ ኮንክሪትና ድንጋይ ላለበት ሥራ ከአንድ ክረምት በፊት ማስገባት ነው የሚያዋጣው። ዕቃ ጫኙ መርከብ በበጋ ብቻ ስለሚመጣ፣ የሁለት ሳምንት መዘግየት እዚያ የአንድ ዓመት መዘግየት ነው።

የአስተያየቱ ዙር የዚህ አገልግሎት ምርጡ ክፍል ነው ብንል አናጋንንም። የክልሉ የኢኑይት ማኅበር፣ የአዳኞች ማኅበራት፣ የግዛቱ መንግሥት፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ አንዳንዴም እንደ ኦሽንስ ኖርዝ ያሉ የባሕር ጥበቃ ድርጅቶች የሚጽፉት ሁሉ በሕዝብ መዝገቡ ላይ ይወጣል። ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለፉ ሦስት አራት ፋይሎችን ክፈቱና አስተያየቶቹን ብቻ አንብቡ፤ የሚጠይቋችሁን አስቀድሞ ይነግራችኋል። የፋይል ቁጥሩም አንድ ጊዜ ከገባችሁ ቀላል ነው፦ ዓመት፣ የሥራው ዓይነት፣ ተራ ቁጥር። የሜሪ ሪቨር የብረት ማዕድን ለምሳሌ 08ኤምኤን053 ነው፤ የ2008፣ ማዕድን፣ 53ኛ። እዚያ ውስጥ የሚታየው ሌላው ነገር ማጣሪያው የሚቆምበት ቦታ ነው። ማዕድኑን በዓመት ከ6 ወደ 12 ሚሊዮን ቶን ለማሳደግ የቀረበው ሁለተኛው ምዕራፍ ዓመታት ከፈጀ ሙሉ ግምገማ በኋላ ቦርዱ በግንቦት 2022 አይሁን ብሎ መከረ፤ ሚኒስትሩም በኅዳር ተስማማ። የናርዋሉና በመርከቡ መንገድ አቅራቢያ ያለችው የፖንድ ኢንሌት መንደር ነዋሪዎች ጉዳይ ከመሐሉ አልጠፋም። ከምሕንድስናው ጥራት ይልቅ የመርከቡ ብዛት የሚያስጠይቅበት ቦታ መሆኑን ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ጉድለቱን እንናገር ከተባለ፣ ትንሹና ትልቁ ሥራ የሚገቡበት በር አንድ በመሆኑ አራት ሰው ያለበት የተማሪ ጥናትና የማዕድን ኩባንያ ሊሞሉት የሚገባው ቅጽ ብዙ አይለያይም። ለኩባንያው ይህ የአንድ ሠራተኛ የሳምንት ሥራ ነው፤ ለተማሪው ግን የክረምቱ ግማሽ። በተጨማሪ የምርምር ፈቃዱ፣ የዱር እንስሳት ፈቃዱና የፓርክ ፈቃዱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅጽ አላቸው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈውን መግለጫ እየገለበጡ ሲያስገቡ ቁጥሮቹ ይለያያሉ። በአንዱ ቅጽ ሦስት ሳምንት፣ በሌላው 25 ቀን የተባለ ሥራ ሁለቱንም ያስቆማል። መግለጫውን በአንድ ሰነድ ጽፎ ከዚያ ብቻ መቅዳት የሚያድን ነው።

ኑናቪክ ላይ ነገሩ በአንድ ነጥብ ይከብዳል። የኑናቪክ ኢኑይት ስምምነት በ2006 ተፈርሞ በሐምሌ 2008 ሥራ ላይ ሲውል ከኬቤክ ጠረፍ ወዲያ ያለውን ባሕርና ደሴቶች ይመለከታል፦ ሃድሰን ወሽመጥ፣ ሃድሰን ባሕረ ሰርጥ፣ ኡንጋቫ ወሽመጥ። የኬቤክ ግዛት ግን የሚያበቃው ጠረፉ ላይ ነው። ስለዚህ በአንዱ የኑናቪክ መንደር የሚሠራ የጀልባ መድረክ ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ ውኃ ውስጥ ከሆነ፣ የመሬቱ ክፍል ወደ ካቲቪክ የአካባቢ ጥራት ኮሚሽን፣ የውኃው ክፍል ወደ ኑናቪክ ባሕር ዕቅድ ኮሚሽንና ግምገማ ቦርድ ይሄዳል። አንድ መድረክ፣ ሁለት ፋይል። እዚህ የሚሠራው ስሕተት ፕሮጀክቱን እውነትም ለሁለት መክፈል ነው፤ በአንዱ ፋይል ድንጋዩ የሚመጣበት ካባ አለ፣ በሌላው የለም፤ በአንዱ ቁፋሮው አለ፣ የተቆፈረው ደለል የሚጣልበት ቦታ የለም። ለሁለቱም ሙሉውን ሥራ ግለጹ፤ ከዚያ የትኛው ክፍል ለማን እንደሚመለከት በካርታ ላይ በቀለም ለዩ። የኑናቩትን ትርጉም ወደ ኑናቪክ መውሰድም አይቻልም፦ ቀበሌኛው ይለያል፣ የኑናቪክ አጻጻፍም ኑናቩት የማትጠቀምበት አራተኛ የፊደል ረድፍ አለው። በደቡብ በኩል፣ ወደ ጄምስ ወሽመጥ አፍ ሲጠጉ ደግሞ የክሪ ሕዝቦች የኢዩ ባሕር ቀጠና ይጀምራል፤ ወሰኑ አካባቢ የሁለቱም ድርሻ የሚገናኝበት ስላለ፣ መስመራችሁ ወደዚያ ከነካ ሁለቱንም ወገን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አገልግሎቱ የሚመቸው ለማን ነው? አንድ ክረምት አስቀድሞ ለሚያስብ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ከቅጹ በፊት ለተነጋገረ፣ ለትርጉም ገንዘብ ለመደበ። የማይመቸው ገንዘብ ሰጪው በመጋቢት ፈቅዶለት በሐምሌ ባሕር ላይ መሆን ለሚፈልግ ነው፤ ለእሱ ጥሩው ምክር ዓመቱን ማሸጋገር ነው። ማጣሪያውን ያለፈም ቢሆን ፋይሉን አይዝጋው። ቦርዱ የሚያስቀምጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች በፈቃዶቹ ውስጥ ይገባሉ፤ ጀልባው ቢቀየር፣ መስመሩ ቢረዝም፣ ወቅቱ ወደ በረዶ ጊዜ ቢገፋ ለውጡ ጉልህ ከሆነ እንደ አዲስ ፕሮፖዛል ይታያል፤ ስለዚህ ሐሳቡ ከጅምሩ የነበረ ከሆነ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ “አማራጭ” ብሎ ማስገባት ይቀላል፦ ሁለተኛውን ጀልባ፣ ሁለተኛውን መስመር፣ የሚቀጥለውንም በጋ።